የቤቱ እጅ

ቶሞኤ ሰው ስትጠላ አትደብቅም። ከሰሜን፣ ከሳፖሮ የመጣውን ያንን ረጅም ሰውዬ ደግሞ ገና በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ነው የጠላችው። ጫማውን አወለቀ፣ ሲወጣ እንዲያመቸው የጫማውን አፍንጫ ወደ ውጭ አዙሮ አስተካከለ፤ ከዚያ ጎንበስ አለና ተዘበራርቆ የተጣለውን የእሷንም ጫማ አስተካከለ። በገዛ ቤቷ!

የቤት ምግብ ለመማር በደቡብ ጃፓን ወዳለችው ኮኩራ የሚመጣ መንገደኛ አንድ ቀን የቶሞኤን ወጥ ቤት ሳይረግጥ አይሄድም። እናቷ ሚትሱኤ ከሞተች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በባዶ ቤት ብቻዋን ከመብላት እንግዳ መቀበል ይሻለኛል ብላ ታስተምራለች። እንግዶቹ ግማሽ ቀን ይቆያሉ፣ ሰርዲን ሲቀቀል ፎቶ ያነሳሉ፣ «ይጣፍጣል!» ብለው ይሄዳሉ። ይሄኛው ግን ለአስር ቀን ነው የመጣው። ስሙ ሃሩኦሚ ይባላል፤ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነው።

«የሆስፒታል አብሳይ ከኔ ምን ይማራል?» አለችው ሽንኩርት እየከተፈች።

«የማበስለው ንጹሕ ነው፣ ጨውም የተመጠነ ነው። በሽተኞቹ ግን ሳይነኩት ይመልሱታል» አለ። «አንዲት ሴትዮ ‹የቤቴን ምግብ አምጣልኝ› ብለው ለመኑኝ። የቤታቸው ምግብ ምን እንደሆነ አላወቅኩም። በሦስተኛው ቀን ሞቱ። ይኸው ፈቃድ ወስጄ ቤት ለቤት እየዞርኩ እማራለሁ።»

ቢላዋዋ ቆመ። ልቧ ሊራራለት ምንም አልቀረውም ነበር፤ ግን ሰውየው እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሳሙናውን እስከ ክርኑ ለቀለቀው፣ ጥፍሩን በብሩሽ ፈተገ፣ እንደገና ለቀለቀው።

«ቀዶ ጥገና ልትገባ ነው?» አለችው።

በመስኮት ታይ የነበረችው ጎረቤቷ፣ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ሺኖ፣ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» አለው።

ሦስት ቀን ሙሉ ተነታረኩ። እሱ «እርስዎ» ይላታል፣ እሷ «አንተ» ትለዋለች።

«የቦካው የሚሶ ሊጥ ሲገባ ሾርባው ስንት ዲግሪ ነው?»

«ሊፈላ ሲል ነው።»

«ሊፈላ ሲል ስንት ነው?»

«እንግዲያው ጣትህን ክተትና ቁጠረው!»

በሦስተኛው ቀን ሰርዲኑን ቀመሰና አንገቱን ደፍቶ «ዛሬ ጨው በዝቶበታል» አላት። ቶሞኤ ደሟ ፈላ። ይባስ ብሎ እውነቱን ነበር። የእናቷን መጠን እየረሳች መሆኗን ራሷም ካወቀች ሰንብታለች፤ ለማንም ግን ተናግራው አታውቅም። ሰውየው በአንድ ጉርሻ አወቀባት።

በዚያው ቀን ነው ከመስኮቱ ሥር ያለውን ማሰሮ ክዳን ሊያነሳ የሞከረው። እጁን በጥፊ አለችው።

«ንክች እንዳታደርገው!»

ማሰሮው ኑካ ነው፤ በጨው የቦካ የሩዝ ፉርሽካ። ኪያሩም ደበርጃኑም እዚያ ተቀብሮ ያድራል፣ ሰርዲኑም ከዚያ በተዛቀ ነው የሚቀቀለው። በጋ ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ በእጅ ካልተገላበጠ ይሞታል። እጁ ደግሞ የማንም እጅ አይደለም። እርሾው ጣዕሙን የሚይዘው ከሚያገላብጠው እጅ ነውና የቤቱ እጅ ብቻ ነው የሚገባበት፤ የቅድመ አያቷ፣ የአያቷ፣ የእናቷ፣ አሁን የእሷ። በእነሱ ሰፈር ሙሽራ ስትመጣ ሰርጉን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። አማትየዋ አንድ ጠዋት ክዳኑን ከፍታ «ነይ፣ እጅሽን ክተቺ» ስትላት ነው የቤቱ ሰው የምትሆነው። ቶሞኤ ይህን ሁሉ በቁጣ ነገረችው።

«እናቴ ከሞተች በኋላ እጇ የቀረው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው» አለችና ያን በማለቷ ወዲያው ተጸጸተች። ሃሩኦሚ ከማሰሮው ራቅ አለና አያት። ያ አስተያየቱ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አልጠፋ አላት፤ ይሄም ሌላ ንዴት ሆነባት።

በማግስቱ ከኢኪ ደሴት መርዶ መጣ፤ አጎቷ አርፈዋል። ልብሷን እየጠቀለለች ቤቱን ለሃሩኦሚ አደራ አለችው።

«ነገ ማታ እመለሳለሁ። ማሰሮውን አንድ ጣትህ እንዳይነካው።»

«ሙቀቱ እኮ…»

«አትንካ አልኩህ!»

ነገ ማታ ግን አውሎ ነፋስ መጣ። ጀልባው ቆመ። በሁለተኛው ቀን ስልኳ ላይ መልእክት ገባ፦ «ነጭ ሽፋን አውጥቷል። ላገላብጠው?» ቶሞኤ አነበበችው። እጁን ሊያስገባ ምክንያት እየፈለገ ነው ብላ ደመደመች፤ ሰው ከጠሉ ሁሉ ነገሩ ተንኮል ነው የሚመስለው። «አትንካ ብያለሁ» ብላ መለሰች። በሦስተኛው ቀን «ሽታው ተለውጧል» አላት። ለዚህኛው መልስ እንኳ አልሰጠችም። ስልኩን እያነሳች ታስቀምጠዋለች፤ «እባክህ አገላብጥልኝ» የሚለው ከአፏ ሊወጣ አልቻለም። በአምስተኛው ቀን ጀልባው ተንቀሳቀሰ።

ሽታው በሩ ላይ ተቀበላት። ክዳኑን ከፈተች። ጥቁር ሻጋታ፣ ከሥሩ ደግሞ ትል።

«ገደልከው!» ብላ ጮኸች። «ቆመህ እያየህ ገደልከው! ሰው አይደለህም እንዴ? ማገላበጥ አቃተህ?»

ሃሩኦሚ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ስልኩን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ ነሽ አትንካ ያልሽኝ» አለ። አንቺ ሲላት የመጀመሪያው ነበር። «ሁለት ጊዜ ጠየቅኩሽ። የእናቴ እጅ እዚህ ውስጥ ነው ብለሽ ከለከልሽኝ። ታዲያ በምን አንጀቴ እጄን እላዩ ላይ ልጨምር?»

ቶሞኤ ማሰሮውን አቅፋ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ዛፉ ሥር ቆፈረች፣ ሁሉንም ቀበረችው። አለቀሰች፤ እናቷን ሁለተኛ የቀበረች ያህል አለቀሰች። ጥፋቱ የራሷ መሆኑ ደግሞ ከሁሉ በላይ አቃጠላት።

ሺኖ በአጥሩ በኩል አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ምነው ልጄ፣ በሰውየው ላይ እንዲህ ትጮኺበታለሽ?»

«እትዬ ሺኖ፣ አትግቢብኝ።»

«እገባለሁ! ያ ሰው አራት ቀን ሙሉ ማሰሮ ሲያራግብ ነው የሰነበተው። በማራገቢያ! በውጭ በኩል እርጥብ ጨርቅ ይጠቀልልበታል፣ ሲደርቅ እንደገና ይነክረዋል። ‹ዶክተር፣ አገላብጠውና ተገላገል› ብለው ‹አልተፈቀደልኝም› አለኝ። አብዷል ብዬ ነበር።»

ቶሞኤ ቀና ብላ አየች። የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የወጥ ቤቷ ጨርቆች በሙሉ ተሰጥተዋል፤ ሁሉም በልክ፣ ጫፍና ጫፋቸው ተስተካክሎ። ቀርባ አንዱን ነካችው፤ ገና እርጥብ ነበር።

«ለማንኛውም» አለች ሺኖ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «አክስትሽ ፉሳኖ ቤት አለ። ያው የአያትሽ ኑካ።»

«የዚያችን ሌባ ስም አትጥሪብኝ!»

ነገሩ የሃያ ሁለት ዓመት ቂም ነው። አያቷ ማሰሮውን ለገዛ ልጃቸው ለፉሳኖ ሳይሆን ለምራታቸው ለሚትሱኤ ሰጡ። ፉሳኖ ቤቱ ባዶ የሆነበትን ቀን ጠብቀው ገቡና ግማሹን ዝቀው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤቶች በሁለት መንገድ ርቀት እየኖሩ ሰላምታ የላቸውም። ቶሞኤ ከምትለምናቸው ብትሞት ትመርጣለች።

ሃሩኦሚ ግን ሰምቶ ነበር። ጫማውን አድርጎ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ፤ ከላይ እስከ ታች ውሃ ጠብ ይላል።

«ዝናብ አለ እንዴ?» አለች ቶሞኤ።

«አክስትሽ ናቸው። በባልዲ።»

ከሰዓት በኋላም ሄደ። እንደገና ርሶ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሦስተኛ ሊሄድ ሲነሳ ቶሞኤ በሩን ቆማ ዘጋችበት።

«ምን ጎደለህ? ነገ ባቡርህ ነው። ማሰሮው ያንተ አይደለም!»

«አይደለም» አለ። «እያየሁት ሞተ ግን። የእኚያንም ሴትዮ ምግብ ሳላመጣላቸው ሞቱ። ሌላ ሲሞት ማየት አልችልም፣ ቶሞኤ።»

ተያዩ። ከፊቱ ላይ ቁጣ ፈለገች፣ አላገኘችም። ባዶውን ማሰሮ አነሳችና ደረቱ ላይ አስታቀፈችው።

«ያዝ። እኔ ነኝ የምናገረው፤ አንተ አፍህን ዝጋ።»

ፉሳኖ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ባልዲው አጠገባቸው ነበር።

«እነሆ፣ የሚትሱኤ ልጅ! አፍንጫሽ የእሷ ነው። አመልሽም ሳይሆን አይቀርም።»

ቶሞኤ መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ስታጠና ነበር የመጣችው። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ፦ «የሰረቁትን ይመልሱልኝ!»

ሃሩኦሚ ዓይኑን ጨፈነ። ፉሳኖ ግን ሳቁ።

«አዎ ሰርቄያለሁ። እናቴ ማሰሮዋን እኔን ልጇን ትታ ለባዳ ሰጠችብኝ። ገባሁ፣ ዛቅኩ፣ ወጣሁ። ዛሬም ቢሆን እሰርቃለሁ! ባልሰርቅ ኖሮ አሁን የት ልትሄጂ ነበር?»

ቶሞኤ ዓይኗን ወደ ባዶው ማሰሮ መለሰች።

«እናትሽ የሞተች ቀን በራችሁ ድረስ መጥቼ ነበር» አሉ አሮጊቷ፣ አሁን ድምፃቸው ወርዷል።

«አይቼዎታለሁ» አለች ቶሞኤ። «ያልከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ ፉሳኖ ወደ ውስጥ ገቡና አንድ ኪያር ከማሰሯቸው አውጥተው፣ አጥበው፣ ቆርጠው ሰጧት። ቶሞኤ ቀመሰችው። ኮምጠጥ ይላል። የልጅነቷ የአያቷ ቤት ነው። የእናቷ ግን አይደለም።

«የእሷ እጅ የለበትም» አለች፤ እንባዋ መጣ።

«የእሷ እጅ ከየት ይመጣል? የእኔ ነዋ! አፍንጫሽ የእሷ ከሆነ እጅሽም የእሷ ነው። አገላብጪው፣ ይመጣል፤ አታላዝኚብኝ» ብለው ማሰሮውን ከሃሩኦሚ ነጠቁና እየዛቁ ሞሉት። ሲመልሱለት ግን ክዳኑን በእጃቸው ያዙት። «ስሚ። አንድ እጅ ብቻ ያለው ቤት ለቅሶ ይሄዳል፣ ይታመማል፣ ይኮራል። እሑድ መጥቼ አያለሁ። ሁለት እጅ ካላገኘሁበት መልሼ እወስደዋለሁ። መስረቅ እንደሆነ እችልበታለሁ።»

ሲመለሱ ሃሩኦሚ ማሰሮውን እንዳቀፈ ከኋላ ኋላዋ ሄደ። አንዴ ዘወር ስትል ዓይናቸው ተገጣጠመ፣ ሁለቱም በፍጥነት መንገዱን አዩ።

በማግስቱ ጠዋት ሻንጣው በር ላይ ተቀምጧል። ጫማው አፍንጫውን ወደ ውጭ አዙሮ፣ ተስተካክሎ ቆሟል፤ የእሷም ከጎኑ። ቶሞኤ ቆማ አየችው። ያስጠላታል ብላ ጠበቀች። አላስጠላትም። የምትፈራው ነገር ገባት፤ ነገ በሩ ላይ የእሷ ጫማ ብቻውን ተዘበራርቆ ሊያድር ነው።

ጎንበስ አለችና የእሱን ጫማ ወደ ቤት አዞረችው።

ወጥ ቤት ገባች። የማሰሮውን ክዳን አነሳች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች። ሃሩኦሚ ሊሰናበት መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«ና» አለችው ጀርባዋን እንደሰጠችው። «እጅህን ክተት።»

ካለበት አልተነቃነቀም። ቶሞኤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ቶሞኤ፣ ምን እንዳልሽኝ ታውቂያለሽ?»

«ኮኩራ ተወልጄ እንዴት አላውቅም? መልሱን ነው ያላወቅኩት።»

«ሆስፒታሉስ?»

«ሂድና ተሰናብተህ ተመለስ። ኮኩራ በሽተኛ የለም አሉህ? አሁን ግን ባቡሩ ይሂድ፤ የመገላበጫው ሰዓት ደርሷል።»

ሃሩኦሚ ወደ ቧንቧው ሄደ። ሳሙናውን እስከ ክርኑ ለቀለቀው። ጥፍሩን በብሩሽ ፈተገ። እንደገና ለቀለቀው። ቶሞኤ እጇን ማሰሮው ውስጥ እንዳደረገች ጠበቀችው።

«ኧረ ዶክተር! እስከ መቼ ነው የምትታጠበው?»

መጣ። እጁን ቀስ ብሎ ከተተ። ፉርሽካው ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር፤ ከውስጡ ጣቶቿን አገኛቸው።

«ስንት ጊዜ ነው የሚገላበጠው?» አላት።

«ዝም ብለህ አገላብጥ!» ብላ ተቆጣችው። እጇን ግን አላወጣችም።