ቀይ የተቀቡት ብሎኖች

«ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ያሳውርሻል!» አለ በኃይሉ፣ የሽቦውን ጫፍ ባትሪው ላይ እያስነካ።

ካሰች አልጨፈነችም። ጨለም ያለው የበኃይሉ መለዋወጫ ሱቅ ጓዳ በአንዴ ቦግ ሲል ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የአብዮት በዓል ፖስተር ከነአቧራው ቁልጭ ብሎ ታየ። አባቷ ኩማ «ይሄማ መብራት ነው!» አለ። እሷ ግን ብርሃኑን አላየችውም። ያየችው የመኪናውን ፓውዛ አቅፎ የያዘውን ብረት ነው። የብሎኖቹ አናት ቀይ ነበር፤ የተሰነጣጠቀ፣ የተፋፋቀ፣ ግን ቀይ። የጥፍር ኩቴክስ።



ያን ኩቴክስ የቀባችው ራሷ ናት፤ እሷና ጓደኛዋ እህተማርያም። ባለፈው ዓመት ሐይቅ ዳር የእህተማርያምን አባት የጋሽ ወንድሙን የጭነት መኪና ሲያጥቡ፣ ጋሽ ወንድሙ «የመብራቶቹን ብሎኖች ምልክት አድርጉልኝ፤ ሌባ ከነካካቸው ቀለሙ ስለሚሰነጠቅ አውቃለሁ» አሏቸው። ሾፌሮች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፣ ሌሎቹ ግን በተራ ቀለም ነው። እህተማርያም ሮጣ ሄዳ የታላቅ እህቷን ኩቴክስ ሰርቃ መጣች። ጋሽ ወንድሙ ቀዩን ሲያዩ «መኪናዬን ሙሽራ አደረጋችኋት!» ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

አሁን ጋሽ ወንድሙ የሉም። ሐምሌ ላይ ከዲላ ወዲህ የፊት ጎማቸው ፈንድቶ ገደል ገቡ። ሰው እስኪደርስላቸው መኪናቸው ተገፎ አደረ ተባለ። ባትሪው፣ ትርፍ ጎማው፣ መብራቶቹ ሁሉ ተወሰዱ፤ እግራቸው ላይ የነበረው ጫማ እንኳን አልቀረም። ጫማውን! ካሰች ይሄን ከሰማች ጀምሮ ከአእምሮዋ ልታወጣው አልቻለችም። ሰው ከሞተ ሰው እግር ላይ ጫማ እንዴት ያወልቃል? ተንበርክኮ ክሩን ይፈታል ወይስ ዝም ብሎ ይጎትታል?

ሬሳውን ለማምጣት ከአዋሳ ከሄዱት አንዱ አባቷ ነበር። ሌላው ይሄው በኃይሉ ነው፤ ላንድሮቨር ያለው እሱ ስለነበር። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከዘመድ በላይ ደረቱን እየደቃ ያለቀሰውም እሱ ነው። እንባው ሳይደርቅ ወጥ ጨምሩልኝ ሲል ካሰች እጅ እያስታጠበች ሰምታዋለች።

«ከአስመራ ነው ያስመጣሁት» አለ በኃይሉ ሽቦውን እያላቀቀ። «ኦሪጅናል የጣሊያን ዕቃ! ዛሬ በመንግሥት መጋዘን ብትዞር እንኳን አታገኘውም፣ ኩማ።»

ከአስመራ! ካሰች መትፋት አማራት። ሰው ቤት ወለል ላይ አይተፋምና ምራቋን ዋጠችው።

አባቷ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን መብራቶች እያገላበጠ ማየት ጀመረ። ነገሩ ለእሱ ቀልድ አይደለም። የሚነዳት የአሮጌዋ ፊያት የጭነት መኪና የፊት መብራት ደክሟል። አዲስ ጎማ በወረፋም አይገኝ፤ የተጋጠው ጎማ በቀን ሙቀት እንዳይፈነዳበት ወደ ሞያሌ የሚነዳው ሌሊት ሌሊት ነው። ባለፈው ጉዞው ይርጋ ጨፌ ላይ ጉም ውስጥ መንገድ ስቶ፣ የፊት ጎማው ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ነው የተረፈው። እቤት ገብቶ ሲነግራቸው፣ እናቷ ሙሉዬ ያን ቀን «ተጨማሪ መብራት ሳታስገጥም ከዚህ ግቢ አትወጣም» አለችው።

«ነይ እስቲ እዪ» አላት ካሰችን። ስለ መኪና ሲያስረዳት ሁሌም ደስ ይለዋል። «እነዚህ ትልልቆቹ ነጮች ለሜዳ ሸጋ ናቸው። ያቤሎ ላይ መንገድ የሚያቋርጥ ግመል ከሩቅ ያሳዩሻል። ጉም ውስጥ ግን ብርሃናቸው ጉሙን ይመታና ወደ ራስሽ ዓይን ይመለሳል፤ ፊትሽ ላይ ነጭ አንሶላ እንደተሰጣ ቁጠሪው። እነዚህ ትንንሾቹ ቢጫዎች ደግሞ ታች ፓራውልቱ ላይ ሲታሰሩ የመንገዱን ዳርና ዳር ያሳያሉ። ለጉም እነሱ ይሻላሉ፣ ግን ሩቅ አያዩም። በእነሱ የሚነዳ ሰው እየዳኸ ነው የሚሄደው።»

«እነዚህስ?» አለች ካሰች። የጋሽ ወንድሙን ጥንድ ነው ያመለከተችው፤ አንዱ ነጭና ጥልቅ፣ ሌላው ሰፊና ቢጫ።

«እነዚህ ሁለቱንም ይሠራሉ። ይሄን ያጣመረ ሰው መንገዱን ያውቃል» አለ ኩማ። አውራ ጣቱ በብሎኖቹ ላይ አለፈና ቀዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ካሰች አሁን ያውቃቸዋል፣ አሁን የበኃይሉን ጉሮሮ ያንቃል ብላ ጠበቀች።

«እነዚህን እወስዳለሁ» አለ አባቷ።

በኃይሉ ደስ ብሎት ለካሰች ለስላሳ ከፈተላት፤ የጠርሙሱን አፍ በመዳፉ ጠረግ አድርጎ ሰጣት። «ጠጪ እንጂ፣ የኔ ቆንጆ!» ያ መዳፍ ምን ምን ሲነካ እንደከረመ ስታስብ ቆዳዋ ተሸማቀቀ። ጠርሙሱን ሳትቀምሰው የጎማው ክምር ላይ አስቀመጠችው።

እቤት ሲደርሱ ኩማ መኪናዋ ሥር ገብቶ ሽቦ መዘርጋት ጀመረ። መብራቶቹን ማጠብ የካሰች ሥራ ሆነ። በሳፋ ውሃ ይዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። በመስታወቱና በክፈፉ መሃል ትንኞች ደርቀው ተጋግረዋል። የዚያች ሌሊት ትንኞች ናቸው፤ ጋሽ ወንድሙ በሕይወት እያሉ ወደ ብርሃኑ የመጡ። በስንጥር ስትፈነቅላቸው ጥፍሯ ሥር ገቡ፤ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለው ሽታቸው አፍንጫዋ ውስጥ ቀረ።

«አባዬ» አለች።

«እ?» አለ ከመኪናዋ ሥር።

«እነዚህ የጋሽ ወንድሙ ናቸው። ብሎኖቹን የቀባነው እኔና እህተማርያም ነን።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ። ኩማ እየተንፏቀቀ ወጣና እጁን በቱታው ጠረገ። የተገረመ ሰው ፊት አልነበረውም።

«አውቃለሁ» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ሲያስገጥማቸው አብሬው ነበርኩ። እንዴት አላውቅም?»

«ታዲያ በኃይሉ...»

«ሬሳውን ስናመጣ ከመቀመጫው ሥር ጆንያ ነበር» አለ ኩማ፣ እሷን ሳይሆን ሳፋውን እያየ። «ላንድሮቨሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ብረት ይንኳኳል። ወንድሙ እላይ ተኝቷል፣ ጆንያው ከሥር። ምን እንዳለበት አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

«ብጠይቅ መልሱን አውቀው ነበራ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ግን ወደ ቤቱ በር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝ። ወንድሙ ከእንግዲህ አይነዳባቸውም። እኔ ብተዋቸው ነገ ሌላው ይወስዳቸዋል። አንቺ ያን ጉም አታውቂውም፣ ገደሉንም አላየሽውም። ለማን ብዬ ነው እኔ?»

ለእነሱ ብሎ ነው። ካሰች ይሄን ታውቃለች፤ ከሁሉ በላይ ያስጠላትም ይሄው ነው።

ኩማ ከጋቢናው ጨርቅና ቲነር በጣሳ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ። «ቀዩን አጥፊው። እህተማርያም እዚህ ትመላለሳለች» አለና ተመልሶ መኪናዋ ሥር ገባ።

የጸሎት ቤታቸው በመንግሥት ከታሸገ ወዲህ ኩማ ጉዞ ሊነሳ ሲል ቤተሰቡን መኪናዋ ዙሪያ ሰብስቦ፣ እጁን ኮፈኑ ላይ ጭኖ ይጸልያል። ዛሬም ማታ ሲነሳ ያንኑ ያደርጋል። ዓይኑን ይጨፍንና ከእነዚህ መብራቶች በላይ እጁን ዘርግቶ «ጌታ ሆይ፣ መንገዴን ጠብቅ» ይላል። እሷም «አሜን» ትላለች። ካሰች ይሄን ስታስብ «አሜን» የምትለው የራሷ አፍ ሳይቀር አስጠላት። አባቷን እንዲህ ተጸይፋው አታውቅም። ያም ሆኖ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆመው ጎማ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። እሷ አፏን ከፍታ፣ መብራቱ ቀርቶበት ቢሞትስ?

ጨርቁን ቲነር አስነክራ የመጀመሪያውን ብሎን አሸችው። ቀዩ ቀለጠና ጣቷ ላይ ተለቀለቀ። ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል የግቢው በር ተንኳኳ።

«ካስዬ! አለሽ?»

ለሚኒስትሪ ፈተና አብራት የምታጠናው እህተማርያም ናት። ካሰች ውሃውን ደፍታ ሳፋውን መብራቶቹ ላይ ደፋችው። ግማሹ ውሃ የራሷ እግር ላይ ፈሰሰ።

እህተማርያም ጥቁር ሻሿን እያስተካከለች ገባች። «ምን ሆነሻል? አመድ መስለሻል እኮ! ሒሳቡ ነው አይደል? አይዞሽ፣ አንቺ ፋራ፣ እኔም አልሠራሁትም።» ደብተሯን ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቧ ተቀመጠችና ወደ መኪናዋ አየች። «ጋሽ ኩማ ዛሬ ይወጣሉ እንዴ?»

«አዎ።»

«እማዬ እሳቸው በወጡ ቁጥር ትጸልያለች። 'ኩማ ባይኖር ሬሳውንም አላገኝም ነበር' ትላለች።» እህተማርያም በእግሯ አፈሩን ጫር ጫር አደረገች። «ግን የሆነ ነገር ጀምሯታል። መንገድ ላይ ወንድ ሲያልፍ ፊቱን አታይም፣ እግሩን ነው የምታየው። የአባዬን ጫማ እየፈለገች። ትናንት ገበያ ላይ አንድ ሰውዬ ተከትላ ሄደች። እኔ ደግሞ አፍሬባት፣ የማላውቃት መስዬ ቆምኩ። አያስጠላም? የገዛ እናቴን እኮ ነው።»

ከመኪናዋ ሥር ይሰማ የነበረው የመፍቻ ድምፅ ቆሟል። አባቷ እየሰማ ነው።

ካሰች ሳፋውን ከመብራቶቹ ላይ አነሳችው።

እህተማርያም መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ቁጢጥ ብላ ጣቷን ቀይ በሆኑት ብሎኖች ላይ አንድ በአንድ አሳለፈች። ባዶው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ የካሰችን የቀላ ጣት አየች።

«ልታጠፊው ነበር?»

«ጀምሬ ነበር» አለች ካሰች።

«ከየት መጡ?»

«ከበኃይሉ ሱቅ።»

«በኃይሉ?» የእህተማርያም ፊት የበሰበሰ ነገር እንደነከሰ ሰው ተጨማደደ። «እሁድ እኮ እኛ ቤት ነበር። እማዬ እኛን ከልክላ ዶሮ ሠርታ አበላችው። 'ባለውለታችን ነው' እያለች አጎረሰችው!»

ኩማ ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ መፍቻውን እንደያዘ ቆመ። እህተማርያም ከልምድ የተነሳ ብድግ አለችና «ደህና ዋሉ፣ ጋሽ ኩማ» አለችው።

ካሰች ነጩን ፓውዛ አነሳች። «ቢጫውን አንቺ ያዢ» አለቻት ለጓደኛዋ።

«ካሰች» አለ አባቷ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢቆጣ ይቀላት ነበር። «እኔ ታዲያ ዛሬ በምን ልሂድ?»

«ቀስ ብለህ ሂድ፣ አባዬ።» አለችው። «ጉም ሲመጣ መንገድ ዳር ቁምና እስኪገፈፍ ጠብቅ። በጠዋት ባትደርስም ግድ የለም፣ ብቻ ግባ።»

አላስቆማቸውም። መፍቻውን እንደያዘ ሲሄዱ ቆሞ አያቸው።

አስፋልቱን ተሻግረው በዛፎቹ ጥላ ሥር ወደ እህተማርያም ቤት አመሩ። ፓውዛው ይከብዳል፤ ብረቱ የካሰችን ክንድ ይቆርጣል። የቲነሩ ሽታ ከእጇ አልለቀቀም። ምን ብለው ለእህተማርያም እናት እንደሚያሳዩ አልተነጋገሩም። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ጋ ሲደርሱ እህተማርያም ድንገት ቆመች።

«ጋሽ ኩማ ግን የአባዬ መሆናቸውን አላወቁም፣ አይደል?»

ፊቷ ላይ ልመና ነበር። «አላወቀም» እንድትላት ነው የምትፈልገው፤ ካሰች ይሄን በግልጽ አየች። አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ብትላት የእህተማርያም እናት ለኩማ መጸለይዋን ትቀጥላለች፣ ጥፋቱ ሁሉ የበኃይሉ ብቻ ይሆናል፣ እነሱም ነገ ሒሳብ አብረው ያጠናሉ። ካሰች አፏን ከፈተች። ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ፣ በኃይሉ በመዳፉ ጠርጎ እንደሰጣት ጠርሙስ አፀየፋት።

«ያውቅ ነበር» አለች።

እህተማርያም ቢጫውን መብራት ወደ ሌላ ክንዷ አዛውራ መንገዷን ቀጠለች። «ነይ» አላለቻትም፤ «ተመለሺ»ም አላለቻትም። ካሰች ነጩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ተከተለቻት።