የሚያርፈው ቆጣሪ

ይሄ ተረት አይደለም። ተረት ያማረው ሌላ ቤት ይሂድ።

እኔ ሲቲ ነኝ፤ የምኖረው ምሥራቅ ኦክላንድ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ የጎረቤቴ ልጅ ነጃት ናት፤ አንዲት ቃል ካሳመረችብኝ ጆሮዋን ነው የምቆነጥጠው።

የሆነው ባለፈው መስከረም፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጨለማ ቢሆን ኖሮ እኔም ዓይኔ ነው ብዬ በተውኩት...

ነገሩን ያመጣው የውሃ ቢል ነው።

ባሌ ኸድር ከሞተ ወዲህ እኔና ግድግዳው ብቻ ነን። ቢሉ ግን የሠርግ ቤት ቢል ሆኖ መጣ። ልጄ ራውዳ ከሳን ሆዜ መጥታ አነበበችልኝ።

«እማ፣ ይሄ የተጠቀምሽው ውሃ ነው። ይሄኛው ደግሞ ከጣራሽና ከግቢሽ ሲሚንቶ ወደ ጎዳናው ቦይ ለሚወርደው ዝናብ ነው።»

«ለዝናብም?»

«ለዝናቡ ሳይሆን ለቦዩ።»

«ከግንቦት ወዲህ ጠብ ላላለው?»

«ፊክስድ ነው፣ እማ። ዘነበም አልዘነበም ይመጣል።»

«የኔ ጣራ ውሃ ጎመኔ ላይ ነው የሚቀረው። ቦያቸውን አያውቀውም! ተከራከሪልኝ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«የዝናቡስ ይሁን። ይሄ ሁሉ ውሃ ግን? ቧንቧ ከፍተሽ እየረሳሽ ነው፣ እማ። ነገ ደግሞ ጋዙን ትረሺዋለሽ።»

ገባኝ። ለውሃው ምክንያት ካልተገኘለት ቤቴን ዘግታ ሳን ሆዜ ልትወስደኝ ነው። ልጆቿ በእንግሊዝኛ ሲንጫጩ እኔ ሶፋ ላይ እንደ ትራስ ልጎለት!

«ሰው ይምጣና ያጣራ» አልኳት። «ጥፋቱ የኔ ከሆነ ሻንጣዬን ራሴ እሸክማለሁ።»

ማክሰኞ ዕለት ሰውዬው መጣ፤ ራውዳም ለዚሁ ብላ ከሳን ሆዜ መጣች። ከውሃው መሥሪያ ቤት የተላከው የእኛው አገር ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ገረመው ይባላል። ጢሙ ሸብቷል፣ ሆዱ ቀበቶው ላይ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ መጀመሪያ የቤቱ ቧንቧ ሁሉ ይዘጋ» አለኝ። «ከዚያ ቆጣሪው ላይ ያለችውን ይቺን ቀይ ሦስት ማዕዘን ይዩዋት። ሁሉ ተዘግቶ ከዞረች የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። እርስዎን ማንም አይወቅስዎትም።»

«የዝናቡስ?»

ባልዲ ውስጥ አረንጓዴ ቀለም በጥብጦ በጣራው አሸንዳ ለቀቀው።

«ይሄ ቀለም ጎዳናው ዳር ባለው ቱቦ ከወጣ ይከፍላሉ። ካልወጣ የዝናቡ ክፍያ ከቢልዎ ላይ ይነሳል።»

«ይኼን ለማወቅ ነው መሥሪያ ቤት የተሠራው?» አልኩት። ሳቀ።

ራውዳ ፀጉሯን በአንድ ላስቲክ እንዳሰረች ቧንቧዎቹን ልታይ ወደ ቤት ገባች። እኔና ገረመው እግረኛ መንገዱ ላይ የቆጣሪውን ክዳን አንስተን አጎነበስን።

«ማም! ኤቭሪቲንግ ኦፍ ነው!» ብላ በመስኮት ጮኸች።

ቀይዋ ቆማለች።

ከዚያ... ዞረች።

«አየህ!» አልኩት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። «ያፈሳል በል! ጻፍ!»

ገረመው አልጻፈም።

ቀይዋ ቆመች። ዞረች። ቆመች። ዞረች።

«እማማ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የሚያፈስ ቧንቧ እኮ አያርፍም።»

ይቺ ታርፋለች።

ወደ ቤቱ የሚገባውን ዋናውን መዝጊያ ጠምዝዞ ዘጋው። ከእንግዲህ አንዲት ጠብታ ቤት አይገባም አለኝ።

ዞረች።

መጀመሪያ አጭር አጭር ነበር። እጅ ለመታጠብ ያህል... አፍ ለመጉመጥመጥ ያህል... ፊት ለመታጠብ ያህል። ውዱእ የሚያደርግ ሰው ነው የሚመስለው። የአሱር ሰላት ደግሞ ተቃርቧል።

ቀጥሎ ረዘመ።

ረጅም... እረፍት። ረጅም... እረፍት።

ያንን እረፍት አውቀዋለሁ።

እኔ የሴት ጀናዛ አጣቢ ነኝ። ኦክላንድ የሞተችውንም፣ ሳንታ ክላራ የሞተችውንም ያጠበው ይሄ እጅ ነው። መጀመሪያ ለሟቿ ውዱእ ይደረግላታል። ከዚያ ራሷ ይታጠባል። ከዚያ ቀኝ ጎኗ። ከዚያ ማንቆርቆሪያው ይቀመጥና ትገለበጣለች... ሬሳ ይከብዳል፤ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ግራ ጎኗ።

የቆጣሪው እረፍት ሬሳ መገልበጫ ነው። ከኔ በፊት ክንዴ አወቀው።

«ራውዳ!» አልኩ። «ውጪ!»

«ዋን ሚኒት፣ እማ...»

ድምፁ የሷ ነው። ከመታጠቢያ ቤቱ ነው የመጣው።

ገረመው ወደ መስኮቱ አንገቱን ሰገግ አደረገ።

«ከልጅዎ ጋር ማን አለ?» አለ በሹክሹክታ።

«ማንም።»

«ታዲያ አሁን 'ቀስ በይ... ቀስ' ያለችው ማናት?»

እኔ አልሰማሁም። ጆሮዬ ከሱ ጆሮ ይሻላል፤ አልሰማሁም።

ቀይዋ እንደገና ጀመረች። ለራስ። ለቀኝ። እረፍት። ለግራ።

እየተንደረደርኩ የቤቴ በር ጋ ደረስኩ። እጀታው አይዞርም። ደበደብኩ፣ ተሳደብኩ፣ ቢስሚላህ አልኩ።

«እማማ!» ገረመው ከጎዳናው ዳር ጮኸ። «ቱቦው!»

ዞር አልኩ። ከቱቦው ውሃ ይወጣል። አረንጓዴ አይደለም፤ እንደ ዓይን የጠራ ነው። በዚያ ደረቅ ቀን፣ መዝጊያው ተዘግቶ።

ጣቱን ነክሮ አሸተተው።

«ምን ይሸታል?» አልኩት።

«የልብስ ሳጥን... ልክ እንደ ብል መድኃኒት...»

ሳይጨርስ ሽታው እኔም ጋ ደረሰ።

ካፉር ነው። ካፉር የሚጨመረው ጀናዛ ሲታጠብ መጨረሻው ውሃ ላይ ነው።

ቱቦው ነጠፈ። ገረመው ሮጦ ቆጣሪው ላይ አጎነበሰ።

«ቆመች» አለ።

እጀታው ከውስጥ ዞረ።

ራውዳ ወጣች። ልብሷ ደረቅ ነው። ፊቷ ደህና ነው። እንዲያውም ፈገግ አለችልኝ።

«ልክ ነሽ፣ እማ» አለች። «ውሃውን የምትጨርሺው አንቺ አይደለሽም። ቤትሽ ኑሪ፤ አልወስድሽም።»

ስለምነው የከረምኩትን ነገረችኝ።

«ቀለሙም አልወጣም» አለ ገረመው። «የዝናቡም ይነሳልዎታል።» የሚፈረምበትን ወረቀት አጥሩ ላይ አስቀመጠው እንጂ ወደ እሷ አልቀረበም።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። የሴት ጀናዛ ታጥቦ ሲያበቃ ፀጉሯ ለሦስት ተጎንጉኖ ወደ ኋላ ይለቀቃል።

ራውዳ በሩን ልትዘጋ ጀርባዋን ሰጠችን።

ሦስት ጉንጉን።

ከጫፋቸው ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል። ሸሚዟ ላይ ያርፋል፤ ሸሚዙ ግን አይርስም።