ሁለተኛ ደረጃ ጠላቂ

«የሁለተኛ ደረጃ ጠላቂነት ካርድ ያላችሁ ከእኔ ጋር ወደ ሰመጠችው መርከብ ትወርዳላችሁ» አለች የጠላቂዎቹ መሪ፣ ጀልባዋ መልህቅ እንደጣለች። «ጀማሪዎች ከአሰልጣኙ ጋር ዳር ላይ። መርከቧን ልያት የሚል ጀማሪ ካለ፣ ሁለተኛ ደረጃ ካለው ሰው ጋር ይጣመር።»

ጀማሪዋ ድንቢጥ ጓደኛዋን በክርኗ ነካ አደረገቻት። «እኔና አንቺ» አለቻት።

ጓደኛዋን ቤተሰቦቿ «ዓሣዋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ባለፈው ወር የሁለተኛ ደረጃ ካርዷን ይዛ ቤት የገባች ዕለት ነው። እሷም አልጠላችውም፤ ሰፈሩ እስኪሰለቸው ስትጎርርበት ከርማለች። መርከቧን ማየት ደግሞ የዓመት ምኞቷ ነው።

ችግሩ ካርዱ የሚለውና እሷ የምትችለው ለየቅል መሆናቸው ነበር። ውሃ ውስጥ መነጽር አውልቆ መልሶ ማጥለቅ፣ የገባውንም ውሃ በአፍንጫ ተንፍሶ ማስወጣት የጀማሪ ትምህርት ነው። ዓሣዋ ግን ውሃ አፍንጫዋን ከነካት ነፍሷን አታውቅም፤ ሁሉን ጥላ ሽቅብ ትፈተለካለች። ገንዳ ውስጥ ያስቃል፤ ከጥልቅ ውሃ ግን ትንፋሽ ይዞ ድንገት መውጣት ሳንባ ይጎዳል። አሰልጣኙ አጎቷ ነው። በፈተናው ዕለት ደጋግሞ አያትና «ይሁን፣ እየቆየሽ ትለምጂዋለሽ» ብሎ አሳለፋት። የእህቱን ልጅ ለመጣል አንጀቱ አልቻለም።

ድንቢጥን ያስተማራት ሌላ ሰው ነበር፣ ሁለቴ ጥሏታል። አሁን መነጽር ማውለቅ ለእሷ ፊት እንደ መታጠብ ነው። የዓሣዋን ቀበቶ ሳብ አድርጋ አየች፣ የአየር ሲሊንደሯም መከፈቱን አረጋገጠች።

«እናቴ እንዴት እንደለቀቀችኝ ታውቂያለሽ?» አለች። «ከዓሣዋ ጋር ከሆንሽ ሂጂ፣ እሷ ታውቅበታለች አለችኝ።»

ዓሣዋ ወደ አጎቷ ዞረች። ዝም ብትል ማንም አይነቃባትም፤ ምናልባት በሰላም ወርዳ ትመለስ ይሆናል። ብትናገር አጎቷን በሰው ፊት ማዋረድ ነው። አጎቷ ከጀልባዋ ወዲያኛው ጫፍ እየሳቀ የአንዱን ጀማሪ ጫማ ያጠብቃል። በጣም ትወደዋለች፤ የከበዳትም ለዚሁ ነው።

«ይቅርታ፣ እኔ ከጀማሪዎቹ ጋር ልሁን» አለች መሪዋን።

«ምነው፣ አመመሽ?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር።

«አላመመኝም። ውሃ ውስጥ መነጽር ማውለቅ አልችልም። ችዬም አላውቅም።»

«ታዲያ ማን አሳለፈሽ?»

አጎቷ ጫማውን ለቆ ቀና አለ። «እኔ ነኝ» አለ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

መሪዋ ወደ ድንቢጥ ዞረች። «አንቺ ከእኔ ጋር ነሽ» አለቻት።

«እስካሁን ደብቀሽኝ ነበር?» አለቻት ድንቢጥ ዓሣዋን። መልስ ሳትጠብቅ መነጽሯን አጥልቃ ወረደች።

ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ፣ ጀማሪዎቹ አሸዋው ላይ ተንበርክከው ተደረደሩ። አጎቷ ፊታቸው እየተንበረከከ በተራ በተራ መነጽር ያስወልቃቸዋል። አንዱ ጨረሰ፣ ሌላዋም ጨረሰች። ዓሣዋ ጋ ሲደርስ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ወደሚቀጥለው ዞረ።

ዓሣዋ ክንዱን ይዛ መለሰችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነችና መነጽሯን አወለቀች።