የአሬታኬ ጫማ

«ያንን ጫማ እጠይቅሻለሁ» አለ አጎቷ ቢሪቦ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ማኔአባው ውስጥ፣ የመንደሩ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በየአያት ቅድመ አያቱ ቦታ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠ ዓሣና ሩዙን ጨርሶ ነበር። ሰው ሲጠግብ በደንብ ይሰማል። ቢሪቦም ይህን አስልቶ ነው የጠየቀው።

ቴቦራ ጭኗ ላይ ያለውን ጥቅል ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ከልምምድ በቀጥታ ስለመጣች ጫማውን በፎጣ ጠቅልላ ይዛው ነበር። ተረከዙ ከፍ ያለ፣ ሶሉ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ ብረት አንሺዎች የሚያደርጉት ዓይነት ጫማ ነው። በደሴቷ ላይ ሁለተኛ የለውም።

ቡቡቲ ይሉታል። ዘመድ ዘመዱን ዓይን ዓይኑን እያየ ከጠየቀ፣ የተጠየቀው ይሰጣል። ታንኳም ይሁን፣ አሳማም ይሁን፣ ትናንት የተገዛ አዲስ ቀሚስም ይሁን። «አይ» ያለ ሰው ንብረቱ ይተርፈው ይሆናል፤ ስሙ ግን አይተርፈውም።

ቢሪቦ ወደብ ላይ የጥበቃ ሥራ እንዳገኘ፣ ነገ ጠዋት እንደሚጀምር፣ በነጠላ ጫማ አትመጣም እንደተባለ እያዋዛ አስረዳ። ሰዉ ሳቅ አለ። ጫማው የአሬታኬ፣ የታላቅ እህቱ ነበር። የእሷ እግር ደግሞ የወንድ እግር ነው እየተባለ ሲቀለድበት የኖረ እግር ስለሆነ ለቢሪቦ ልኩ ነው። ቴቦራ እንኳን የምትሞላው በሁለት ካልሲ ነበር።

ነገ ጠዋት ግን ሌላም ነገር እንዳለ የማያውቅ አልነበረም። ባሕር ማዶ አፒያ ከተማ ላይ ለሚደረገው የብረት ማንሳት ውድድር የሚሄዱት ነገ ይመረጣሉ። ቢሪቦ ደግሞ የወንድሙ ልጅ ቴቦራ በነጻነት ቀን ጭፈራ ከፊት እንድትቆም ነው የሚፈልገው። አንገትሽ የዳቦ ፍሬ ግንድ አከለ፣ ማን ያገባሻል እያለ ወር ሙሉ ሲነዘንዛት ከርሟል። ቤት ውስጥ «አትሄጂም» ቢላት አሬታኬ ትከራከረዋለች። ቡቡቲን ግን ማን ይከራከረዋል?

«አይ በይው በቃ» አለች ጓደኛዋ ታሬማ ከኋላ በሹክሹክታ። «ምን ያመጣል? ደሞ እሱ ብሎ ዘበኛ።»

ቴቦራ ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ፣ ሱቫ ከተማ ተምራለች። እዚያ «አይ» እንደ ማስቲካ ነበር፤ ሁሉም አፉ ውስጥ ያላምጠዋል። እሷም ለመደችው። ከተመለሰች ወዲህ ግን የትኛው ሕግ የእሷ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለችም። አንዳንድ ቀን የአገሯ ልማድ መውጫ የሌለው ወጥመድ ይመስላታል። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ አባቷ የጀርመን መርከብ ላይ ወራት ሲቆይ፣ ጎረቤት ሳይጠራ ዓሣ ይዞ ሲመጣ፣ ያለዚህ ልማድ እንዴት ይኖራል ትላለች።

ወደ አክስቷ ዞረች። አሬታኬ መሬት መሬት ታያለች።

አሬታኬ ከዚህ ደሴት ወጥታ ብረት ያነሳች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ኑሜያ ከተማ በተደረገ ውድድር ሦስተኛ ስትወጣ የአገሯን ስም በትክክል የጠራ አስተዋዋቂ አልነበረም። ያኔ «በሚቀጥለው ያውቁታል» አለች። የሚቀጥለው ሲደርስ ግን ቢሪቦ እዚሁ አዳራሽ፣ እዚሁ ምንጣፍ ላይ፣ ቀርታ እናታቸውን እንድታስታምም ጠየቃት። እሺ አለች። እናታቸው ሦስት ዓመት ኖሩ፤ አሬታኬ ሁለተኛ ውድድር ላይ አልቆመችም። ስለዚያ ቀን ተናግራም አታውቅም። ጫማውን ብቻ፣ ጨው እንዳይበላው በኮኮናት ዘይት እየወለወለች አኖረችው።

ቴቦራ ተነሳች። በሽማግሌዎች ፊት ሲያልፉ እንደሚደረገው ጎንበስ ብላ ምንጣፉን አቋረጠችና ጫማውን ከቢሪቦ ጉልበት አጠገብ አስቀመጠች።

«ሰጥቻለሁ» አለች።

አንድ ሁለት ሰው እፎይ አለ። ቢሪቦ ጫማውን ገልበጥ አድርጎ ሶሉን አየ። ቴቦራ ግን ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም። እዚያው መሀል፣ ሴት ልጅ ተቀምጣበት በማታውቀው ቦታ፣ እግሯን አጣጥፋ ቁጭ አለች።

«እኔም የምጠይቅዎት አለኝ፣ አጎቴ።»

«ጫማውን መልስ እንዳትይኝ ብቻ።»

«የሰጠሁትን አልጠይቅም።»

«ታዲያ ምን? ሞተር ሳይክሌን ነው?» ወደ ሰዉ ዞሮ ፈገግ አለ። «አሳማዬን? እሷ እንኳን ካንቺ ትቀጥናለች።»

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ዓይኗን ከዓይኑ ላይ አላነሳችም።

«ራሴን ነው የምጠይቅዎት» አለች። «አባቴ መርከብ ላይ ሲሄድ ለእርስዎ ነው የሰጠኝ። በእጅዎ ያለሁት እኔ ነኝ። ራሴን ይስጡኝ።»

በሩን የከፈተው ራሱ ቢሪቦ ነው። በልማዱ ለመቀበል እጁን የዘረጋ ሰው፣ ምንጣፉ ሳይነሳ «እኔን አይመለከተኝም» ሊል አይችልም። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የመናገር መብት ያላቸው አዛውንቱ ቴካቤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቢሪቦ፣ ልጅቱ ጠይቃለች» አሉ። «ሁላችንም ሰምተናል።»

ቢሪቦ ጫማውን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ።

«ራሷን ወስዳለች» አለ በመጨረሻ። «በባዶ እግሯ ምን እንደምታነሳ ደግሞ እናያለን።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ከድሮው ጦርነት በተረፈው የሲሚንቶ ወለል ላይ፣ አሬታኬ ብረቱን በጨርቅ ወለወለች፤ ክብደቱ የሚያርፍባቸውን ያረጁ የመኪና ጎማዎችም አስተካከለች። ተወዳዳሪዎቹን የሚመርጠው ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። እዚህ በባዶ እግር ማንሳት እንደሚቻል፣ አፒያ ላይ ግን ያለ ጫማ እንደማያስገቧት ነገራቸው።

«አፒያ ውስጥ የሚጠየቅ ዘመድ አይጠፋም» አለች አሬታኬ። ትናንት ከማኔአባው ከወጡ ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር።

ቴቦራ ግን አልቀናትም። በመጀመሪያው ሙከራ ብረቱ ከደረቷ ሳይደርስ ወደቀ። በሁለተኛው ትከሻዋ ላይ አወጣችው፤ ቁጢጥ ካለችበት ስትነሳ ግን የለመደችው ከፍ ያለ ተረከዝ የለምና ወደ ኋላ ተንገዳገደች። ለቀቀችው። ቀሪው አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ያን ካነሳች ትሄዳለች፤ ካላነሳች ትቀራለች።

ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማች። ቢሪቦ የጥበቃ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን አድርጎ፣ ወለሉ ጠርዝ ላይ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላየችም። ማንንም ሳያይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና የአንዱን ማሰሪያ ፈታ።

«ለአሁን አድርጊው» አለ ጫማውን እየዘረጋ። «ትመልሽልኛለሽ።»

ጫማው የምታውቀው ጫማ ነበር። ከላይ የአሬታኬ መርፌ ያለፈበት ስፌት ይታያል። ቴቦራ አክስቷን አየች። አሬታኬ ወንድሟን እያየች ነበር፤ ዓይኗን ሳትሰብር።

ነውሩ ሲጠየቁ አይ ማለት ነው፤ ሲሰጡ አይ ማለት ነውር የለውም።

«አይ፣ አጎቴ» አለች ቴቦራ። «ሥራ ይረፍድብዎታል።»

ላብ ያራሰውን እግሯን በፎጣው አደረቀች። አንዱን፣ ከዚያም ሌላውን። ወለሉ ከትናንቱ ዝናብ ወዲህ ገና አልሞቀም። ጣቶቿን ዘርግታ፣ እንደ ሸርጣን ሻካራውን ሲሚንቶ ቆንጥጣ ያዘች። ቢሪቦ አንዱን ጫማ አድርጎ፣ አንዱን በእጁ ይዞ እንደቆመ፣ ጎንበስ ብላ ብረቱን ጨበጠች።