«በሰላም ነው የወለደችው»

በላውንደሪ ቤቱ «እትዬ በረኪና» ይሏቸዋል። ስሙን ያወጡላቸው ልብስ ተኳሾቹ ናቸው፤ አንድም እጃቸው የገባ ጨርቅ ሳይነጣ ስለማይወጣ፣ አንድም ምላሳቸው የነካውን ስለሚያቃጥል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በመቀበያው ባንኮኒ ቆመው የሰው እድፍ ሲያዩ ኖረዋል። ልብስ ይዞ የመጣ ደንበኛ መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምንድን ነው የፈሰሰበት?»

ደንበኛ ደግሞ ይዋሻል። ወይን ጠጁን ሻይ ነው ይላል፤ ደሙን ቀለም ነው ይላል። እትዬ በረኪና ልብሱን ወደ ብርሃን ያነሱና፣ «ስማ ወንድሜ፣ እኔን ብታፍር እንኳ ለሸሚዝህ እዘንለት። ደም ሆኖ ሳለ ቀለም ነው ካልከኝ በሙቅ ውሃ እነክረዋለሁ። ደም ሙቅ ውሃ ከነካው በኋላ እንኳን በረኪና ጸሎትም አያስለቅቀውም» ይሉታል። ደንበኛው ይስቅና እውነቱን ይናገራል።

ለሸሚዝ ይህን ያህል የሚጠነቀቁ ሴት ለምራታቸው ሕይወት የሚያስፈልገውን እውነት እንዴት እንደሸፈኑ ነው የምነግራችሁ።

አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከወሩ ሃያውን ቀን መንገድ ላይ ያሳልፋል። ሚስቱን ወደ እናቱ ቤት ካመጣት ስድስት ዓመት ቢያልፍም እትዬ በረኪና «ሙሽሪት» ማለታቸውን አልተዉም ነበር፤ ሠፈሩም ስሙን ተቀብሎ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ረስቶ ነበር። ሙሽሪት መዋዕለ ሕፃናት ታስተምር ነበር። አማትና ምራት እሳትና ጭድ ናቸው የሚለው አባባል በዚህ ቤት አልሠራም፤ ይዋደዱ ነበር። ጥፋቱም ከጥላቻ አልመጣም።

ሙሽሪት የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በመጣች በዓመቱ፣ ሆስፒታል ነው። ያን ቀን እትዬ በረኪና ከብረት በር ውጭ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ዞር ብሎ ያናገራቸው ሰው የለም። በሩ በተከፈተ ቁጥር የሙሽሪት ጩኸትና የአንዲት ነርስ ድምፅ ይወጣል፤ «ዝም በይ! አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትወልጂው?» ሴት ልጅ ተወለደች፤ ወዲያው ግን ደሙ አልቆም አለ። ሰዎች እየሮጡ ገቡ፣ እየሮጡ ወጡ። ሁለት ከረጢት ደም ተሰጥቷት ዳነች። ስትወጣ ሐኪሙ፣ «ሌላ ጊዜ ስታረግዢ ይህን ለሚያይሽ ባለሙያ ሁሉ ተናገሪ። ደም ያለበት ሆስፒታል ካልሆነ እንዳትወልጂ» አላት።

ሙሽሪት የሐኪሙን ቃል ያዘች። እትዬ በረኪና የነርሷን ቃል ያዙ።

ቤት ሲደርሱ ጎረቤቱ ደጅ ወጥቶ «በሰላም ተገላገለች?» ሲል፣ «በሰላም! እልል በሉ እንጂ!» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ወሊድ ስሙ «በሰላም» ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው ሲረገዝ ከቤታቸው የአሥር ደቂቃ መንገድ ላይ አዲስ የወሊድ ማዕከል ተከፍቶ ነበር። እትዬ በረኪና ቀድመው ሄደው ጎበኙት። እንደ ሙያቸው መጀመሪያ ያዩት አንሶላውን ነው፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው አሹት፣ አሸተቱት። እንከን አላገኙበትም። ክፍሎቹ አራት ናቸው፣ መጋረጃው ሰማያዊ ነው፣ ቤተሰብ ከወላዷ አልጋ አጠገብ ይቀመጣል፤ ማንም በማንም ላይ አይጮህም።

«ወሊድ ማለት ይኸ ነው» አሉ ለሙሽሪት። «ሰው እንደ ሰው የሚታይበት። ለዚያ ለብረት በር ዳግም አልሰጥሽም።»

«ደሙስ፣ እማማ?»

«ደሙ ምን ሆነ? ሴት ስትወልድ ደም ሳይሆን ወተት ሊፈሳት ኖሯል?»

ሙሽሪት ሳቀች። እትዬ በረኪና ማሳቅ ከጀመሩ የሚችላቸው የለም፤ ነገሩም በሳቅ ታለፈ።

በመጀመሪያው የምርመራ ቀን የማዕከሉ አዋላጅ መዝገቧን ዘርግታ ጠየቀች። ወጣት ናት፤ ድምፅዋ ለስላሳ፣ እጇ ፈጣን። ዕድሜ፣ ክብደት፣ የደም ግፊት፤ ለሁሉም በየሳጥኑ ምልክት ታደርጋለች። ከዚያ ቀና ብላ ፈገግ አለችና፣ «የመጀመሪያውስ? በሰላም ነበር የወለድሽው?» አለች።

ጥያቄው እንደ ሰላምታ ወጣ፤ መልሱም እንደ ሰላምታ ተመለሰ።

«በሰላም ነው የወለደችው» አሉ እትዬ በረኪና፣ ምራታቸው አፏን ሳትከፍት።

ሙሽሪት «እንደውም...» ብላ ስትጀምር የአማቷ መዳፍ ጉልበቷ ላይ አረፈና ጫን አላት። እናት ልጇን «ተይ» የምትልበት ዓይነት፣ ለስለስ ያለ ጫና ነበር።

«እንደውም... ቶሎ ነው የመጣችልኝ» አለች ሙሽሪት።

አዋላጇ «ችግር የለም» በሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሽሪት መንገድ መሃል ቆመች። «እማማ፣ ለምን አልነገርናትም?»

«ምኑን?»

«ደም መሰጠቴን።»

«አልዋሸንም እኮ፣ ልጄ። በሰላም አይደለም የወለድሽው? ይኸው አንቺ ቆመሻል፤ ይኸው ልጅሽ ትሮጣለች። ከዚህ ሌላ ምን ሰላም አለ?»

«እርስዎ ደንበኛ ደሙን ቀለም ነው ሲልዎት ምን ይሉታል?»

እትዬ በረኪና ተቆጡ። መልስ ያጣ ምላስ ቁጣ ይቀናዋል። «እኔ የማጥበው ልብስ ነው፤ አንቺ ልብስ አይደለሽም!» አሉ። «ብትነግሪያት የዛኑ ቀን ነው ወደዚያ ሆስፒታል የምትልክሽ።»

«ትላከኝ። ቢጮሁብኝስ? ጩኸት አይገድልም።»

«አንቺ ውስጥ ነበርሽ፤ ያንን በር ስጠብቅ የዋልኩት እኔ ነኝ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በማግስቱ ባሏ ሲደውል ሙሽሪት ነገሩን አነሳችለት። «እስቲ ከእማዬ ጋር ተነጋገሩበት» አላት። «እኔ መሪ ይዣለሁ፤ የሴት ነገር ምን አውቅና? እማዬ እንደሆነች ክፉሽን አትወድም።» እውነቱን ነው፤ ክፉዋን አይወዱም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ለምርመራ ሄደች። ሦስቴም አማቷ አጠገቧ ነበሩ፤ ሦስቴም አዋላጇ መዝገቡን ገልጣ ያንን ምልክት አይታ አለፈች። ዳግመኛ ያልተጠየቀችውን አንስታ እናት የሆኗትን ሴት በሰው ፊት ሐሰተኛ ማድረግ ለሙሽሪት ከበዳት። ዛሬ ነገ ስትል ወሩ ገባ።

ምጡ ማክሰኞ ጠዋት ጀመረ። ሁሉ ነገር እትዬ በረኪና እንደተመኙት ሆነ። አዋላጇ ወገቧን ታሻለች፤ እሳቸው እጇን ይዘው «አይዞሽ» ይላሉ። ሙሽሪት በምጥ መሃል እንኳ፣ «እማማ፣ ጣቴን ሰበሩት እኮ! የማምጠው እኔ ነኝ ወይስ እርስዎ?» ብላ አሳቀቻቸው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ወንድ ልጅ ወጣ፤ ጮኸ፤ እናቱ ደረት ላይ ተኛ። የእንግዴ ልጁም ተከትሎ ወጣ። እትዬ በረኪና የምሥራቹን ለልጃቸው ሊነግሩ ስልካቸውን ሲያወጡ የአዋላጇ ፈገግታ ሲጠፋ አዩ።

አንሶላው ላይ ቀዩ እየሰፋ ነው።

እትዬ በረኪና አንሶላ ያውቃሉ። ደረቁ ስንት እንደሚመዝን፣ የራሰው ስንት እንደሚመዝን እጃቸው ያውቃል። አዋላጇ የመጀመሪያውን ስባ ስታቀብላቸው ክንዳቸው ወደ ታች ወረደ። ሁለተኛውን በሁለት እጅ ተቀበሉ። ሦስተኛው ከጠርዙ ይንጠባጠብ ነበር።

አዋላጇ ሆዷን በኃይል አሸች፤ መርፌ ወጋች፤ ግሉኮስ ሰካች፤ ረዳቷን «አምቡላንስ ጥሪ!» አለቻት። እጇ ሥራውን ሳይተው ዞር ብላ፣ «እማማ፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ሆናለች?» አለች።

እትዬ በረኪና የራሰውን አንሶላ እንደታቀፉ፣ «አዎ» አሉ። «በመጀመሪያው ደም ሰጥተዋት ነበር። ሁለት ከረጢት።»

አዋላጇ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣቸው በተሻላቸው ነበር። ለአፍታ ዓይኗን ጨፈነች። «እኛ ጋ ደም የለም» አለች።

ሆስፒታሉ የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። የምሳ ሰዓት በመሆኑ ጎዳናው በመኪና ታፍኗል፤ አምቡላንሱ እየጮኸ ከአንድ አውቶቡስ ኋላ ቆሟል። ሙሽሪት «በረደኝ፣ እማማ» አለች። ሻርፓቸውን ደረቡላት። ትንሽ ቆይታ፣ «እዚያ ስንደርስ ይንገሯቸው፣ እሺ?» አለች።

«እነግራቸዋለሁ፣ ልጄ። አንድ ሳላስቀር እነግራቸዋለሁ።»

የብረት በሩ ጋ ሲደርሱ ተረኛው ሐኪም እየሮጠ ወጣ። ያን ቀን ማንም አልጮኸባቸውም። እትዬ በረኪና «ከአምስት ዓመት በፊት ሁለት ከረጢት ደም...» እያሉ ሲናገሩ ሐኪሙ አንገቷን ዳሰሰ፤ ዓይኗን በመብራት አየ፤ ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ልጃቸው በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ለቅሶ ቤቱ ፍርዱን ጨርሶ ጠበቀው።

«ያ ማዕከል ነው የበላት» አለች አንዷ ጎረቤት።

«ወግ ነው እንጂ፣ ለመጋረጃ ተብሎ እዚያ ይወለዳል? ሆስፒታል እያለ!»

«ያቺን ትናንት የተመረቀች አዋላጅ ማሳሰር ነው።»

ልጁ ፊቱን ከመዳፉ ሳያነሳ፣ «ነገ ሄጄ እከሳታለሁ» አለ።

ለእትዬ በረኪና መሸሸጊያ ተሠራላቸው። ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር፤ ሙሽሪት ከእንግዲህ አትመሰክርም፤ መዝገቡ ላይ ያለው ምልክት የአዋላጇ ነው።

«አትከሳትም» አሉ።

«ለምን አልከሳትም?»

«ጠይቃን ነበር። በሰላም ነው የወለደችው ያልኳት እኔ ነኝ። ሚስትህ ልትናገር ስትል ጉልበቷን ተጭኜ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ።»

ልጁ ፊቱን ከመዳፉ አነሳ። «ሚስቴ እኔንም ጠይቃኝ ነበር» አለ። «ላንቺ ትቼ ስልኩን ዘጋሁት።» ተነሥቶ ወጣ።

አልረገማቸውም፤ ይቅርም አላላቸውም። ይኸው ስምንት ወር ሆነ። ትልቋን ልጁን የሚስቱ እህት ዘንድ ወስዷታል። እሳቸው ዘንድ የቀረውን ሕፃን ሊያይ ሲመጣ እናቱን «ደህና ዋልሽ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣውም። ላውንደሪ ቤቱም ዛሬ ቀልድ አይሰማበትም።

እትዬ በረኪና አዋላጇ ዘንድም ሄደው ጥፋታቸውን ተናገሩ። እሷም፣ «እኔም አጥፍቻለሁ» አለቻቸው። «መጠየቅ የነበረብኝ የሕክምና ጥያቄ ነው፤ እኔ ሰላምታ ጠየቅሁ። እሷንም ለብቻዋ ማነጋገር ነበረብኝ።» አሁን ነፍሰ ጡር ስትመጣ ቤተሰቡን ከክፍሉ ታስወጣለች። «በሰላም ወለድሽ?» አትልም። ከወለድሽ በኋላ ደም በዝቶብሽ ያውቃል? ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል? በቀዶ ሕክምና ወልደሻል? ግፊት ነበረብሽ? እያለች አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ለአንዱ «አዎ» ያለችው ሴት የዚያኑ ቀን ወደ ሆስፒታል ትላካለች።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ባሎች፣ አማቶች፣ እናቶች፣ ነገሩን አታዛቡት። የወሊድ ማዕከል መጥፎ ቦታ አይደለም፤ አደጋ ለማይታይባት ነፍሰ ጡር መልካም ቤት ነው። ሆስፒታል ደግሞ መጋረጃው ባያምርም ደም አለው፤ የቀዶ ሕክምና ክፍል አለው። የትኛው እንደሚሻል የሚታወቀው ከአንሶላው ንጣት ሳይሆን በሴቲቱ ላይ ከዚህ በፊት ከደረሰው ነገር ነው፤ እሱን የምታውቀው ደግሞ እሷ ናት። እሷ ትናገር። እናንተም በሆስፒታል የምትሠሩ፣ አንድ ነገር ስሙ። ሙሽሪት ጩኸት አይገድልም ብላ ነበር፤ ተሳስታለች። ይገድላል፤ አምስት ዓመት ይፈጅበታል እንጂ።

እትዬ በረኪና ሐሙስ የዕረፍት ቀናቸው ነው። ሕፃኑን አቅፈው ማዕከሉ መጠበቂያ ክፍል ይቀመጣሉ፤ ለሚመጡት ሁሉ የሆነውን ይናገራሉ። የሚሰሟቸው ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ «የእኛዋስ ደህና ናት» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ባለፈው ሐሙስ ምራቷን ይዛ የመጣች አንዲት ሴት እስከ መጨረሻው ሰማቻቸውና፣ «ሲያወሩት ይቀልልዎታል፣ እትዬ?» አለቻቸው።

«አይቀልም» አሉ።

«ታዲያ ለምን ይደክማሉ?»

እትዬ በረኪና ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዳቸው አዛውረው ከሴትየዋ ጎን ወደተቀመጠችው ነፍሰ ጡር ዘንበል አሉ። «ልጄ፣ አንቺን ልጠይቅሽ። የፊተኛውን ስትወልጂ ምን ሆነሽ ነበር?»

ልጅቷ ከመመለሷ በፊት የአማቷን ፊት አየች።