ስፌቱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ

ከባሌ ጋር የተቀራረብነው በፀብ ነው።

እኔ ቀሚስ ሰፊ ነኝ። እሱ እኔ በምሰራበት ስፌት ቤት፣ ከጎኔ ባለው መኪና ቁርጥራጭ ጨርቅ እየገጣጠመ ብርድ ልብስ ይሰራል። ያየውን ሁሉ ስለሚለካ «ሜትሮ» እንለዋለን።

እናቴ ካረፈች በኋላ ቀሚሶቿን በሙሉ በልክ ቆራርጬ ለአባቴ ብርድ ልብስ ገጣጠምኩለት። ሳለብሰው እግሩ ውጭ ቀረ!

«ይበቃኛል ልጄ» አለና ጉልበቱን አጠፈ።

ልቀጥልለት ፈለግኩ። ከእናቴ ልብስ እራፊ እንኳን አልተረፈኝም።

በማግስቱ ስፌት ቤት ዘርግቼው ስተክዝ ሜትሮ መጣ። የአባቴን እግር አልሸፍን እንዳለ ነገርኩት። ገለበጠው... ሳቀ!

«ምን ያስቅሃል? የእናቴ ልብስ ነው እኮ!»

«ኧረ እኔ...»

አላስጨረስኩትም። ነጥቄው ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም ነፈግኩት። ደህና አደርሽ ሲለኝ ክር እፈልጋለሁ።

አንድ ቀን ከፊቴ ቆመ።

«ስሚኝና ከፈለግሽ እንደገና ተቆጪኝ። የሳቅኩት ደስ ብሎኝ ነው። ጨርቁ እኮ አልጠፋም!»

«የታለ ታዲያ?»

«ስፌቱ ውስጥ።»

መልሼ አምጥቼ ከመኪናዬ ጎን ያስቀመጥኩትን ብርድ ልብስ ገልብጦ አሳየኝ። በየስፌቱ ጀርባ የጣት ውፍረት ያህል ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ቀሚስ ስሰፋ፣ ለባሿ ከወፈረች እንዲለቀቅላት ገባ አድርጌ መስፋት ልማዴ ነው። እጄ ብርድ ልብሱም ላይ ያንኑ ደግሟል።

«አንዱ ስፌት ብቻውን አይታወቅም። ሲደመር ግን የአባትሽን እግር ውጭ አስቀረ» አለኝ። «አብረን እንፍታው... ከፈቀድሽልኝ።»

ምላጭ አላስነካውም። ክሩን በመርፌ ጫፍ እየለቀመ ፈታው። ከዚያ መኪናዬ ላይ፣ ከመርፌው አጠገብ ቀጭን ፕላስተር ለጠፈልኝ።

«የጨርቁ ጠርዝ ይቺን ታክኮ ይሂድ። መርፌውን አትይ፣ ጠርዙን እይ።»

እኔ እሱን አየሁ። ስፌቱ ጠመመ።

«ወዴት ነው የምታዪው?»

«ወደ... ጠርዙ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ደግመን ፈታነው።

ሲያልቅ ቤት ይዘነው ሄድን። አባቴ እግሩን ቀስ አድርጎ ዘረጋ። ሸፈነው! የእናቴን ቢጫ ቀሚስ ቁራጭ በመዳፉ ዳበሰና እንባው ወረደ።

«ተባረክ ልጄ» አለው። ወደ እኔ ዞረ። «ይሄን ልጅ ከየት አመጣሽው?»

«የተጣላሁት ልጅ ነው አባዬ።»

«ታረቂዋ!»

ታረቅን። ሜትሮ በየማታው እየመጣ አባቴን ሲያጫውተው ከረመ። ስንጋባ አባቴ መነሳት ስላልቻለ አልጋው አጠገብ ተንበርክከን መረቀን። ዛሬ አባቴም ከእናቴ ጎን አርፏል። ሲሄድ ብቻዬን አልተወኝም... ተመስገን!