ያልተዘጋው ቧንቧ

«ይሄኛውን ለብቻው ጠቅልይው» አሉ ኡስታዙ፣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ እየዘረጉላት። «ካርቶን ውስጥ ከሌሎቹ ጋር እንዳይተሻሽ።»

ሚጢጢ መጽሐፉን ሽፋኑን ሳትገልጥ አወቀችው። ገጾቹ ተጨማድደውና ተነፋፍተው ውፍረቱ እጥፍ ሆኗል። ዳር ዳሩ ላይ ሰማያዊው ቀለም ፈሶ እንደ ደመና ተበትኗል። የኡስታዙ አባት በእጃቸው የጻፉት ነበር። ጋዜጣ ዘርግታ መጠቅለል ጀመረች።

አሮጌው መድረሳ ሊፈርስ ነው። ከነገ ወዲያ ትምህርቱ ከመስጊዱ ማዶ ወደሚገኘው አዲስ ሕንጻ ስለሚዛወር ትልልቆቹ ተማሪዎች ዕቃ ሊያሽጉ ተጠርተዋል። ሚጢጢ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ስሙን ያወጡላት በስድስት ዓመቷ እዚህ ስትመጣ ከሁሉም ታንስ ስለነበር ነው። ዛሬ በቁመት ኡስታዙን ብታልፋቸውም ስሙ አልለቅ ብሏታል።

ክፍሉ ባዶውን ሲቀር ጠቦ ታያት። ስልሳ ልጅ እንዴት ይችለው ነበር? በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ የልጆች ጀርባ ለዓመታት ተደግፎ ያጠቆረው መስመር አለ። እሷና ጭምት የሚቀመጡት እዚያ ጥግ ነበር።

ጭምት የልብ ጓደኛዋ ነበረች። ዝም ስለምትል ጭምት አሏት እንጂ፣ ሳቅ ከያዛትስ ሰው የማያስቆማት ልጅ ናት። ሁለቱ ከአንድ ቁርአን እያነበቡ ይቀሩ ነበር። ሚጢጢ አንቀጽ ሲጠፋባት ጭምት በጉልበቷ ጎሸም ታደርጋትና የመጀመሪያውን ቃል ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ ታሳያታለች። ትምህርት ሲያልቅ በር ላይ ከተቆለለው የጫማ ክምር ውስጥ የየራሳቸውን መፈለግ ሌላ ጨዋታ ነበር። አንድ ቀን ሆን ብለው አንዳንድ እግር ተቀያይረው፣ አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር ጫማ አድርገው ቤታቸው ገቡ። የዚያን ለት የሳቁትን ሳቅ ሚጢጢ ከዚያ ወዲህ ስቃው አታውቅም።

ነገሩ የተበላሸው የዛሬ አራት ዓመት ነው። ውሃ ጠፍቶ የሰነበተበት ሳምንት ነበር። ከሶላት በፊት የሚታጠቡበትን፣ የውዱእ ማድረጊያውን ቧንቧዎች እያየች የምትዘጋው የሳምንቱ ተረኛ ደግሞ ጭምት ነበረች። ሁሉንም አይታ፣ ዘግታ ወጣች። በሩ ጋ ሲደርሱ ሚጢጢ «ሻሼን ረሳሁ» ብላ ተመለሰች። ሻሿን ይዛ ስትወጣ ውሃ ጠማትና አንዱን ቧንቧ ከፈተችው። ጠብ አላለም። እንደተከፈተ ትታው ሮጠች።

ውሃው እነሱ ከሄዱ በኋላ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ከቧንቧዎቹ አጠገብ ያለው የመጻሕፍት ክፍል ቁርጭምጭሚት ድረስ ተሞልቶ ተገኘ።

«ተረኛዋ ማን ናት?» አሉ ኡስታዙ።

«እኔ ነኝ። ግን ዘግቼ ነው የወጣሁት» አለች ጭምት። ይህን ብላ ወደ ሚጢጢ ዞረች። አንዴ ብቻ ነው ያየቻት። ሚጢጢ መሬት መሬቱን አየች።

የጭምት እናት ተጠራች። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመድረሳውን መጋረጃ፣ የትንንሾቹን ሂጃብ ለአላህ ብላ የምትሰፋው እሷ ነበረች። ልጇን እጇን ይዛ ኡስታዙ ፊት አቆመችና «አፉ በሉኝ በያቸው» አለቻት፣ በሰው ሁሉ ፊት።

«ያላጠፋሁትን አፉ በሉኝ አልልም።»

«አጥፍታ ደግሞ ትክዳለች!» አለ ከኋላ አንዱ። እናትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ልጇን እየጎተተች ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጭምት ወደ መድረሳው አልተመለሰችም፤ ሌላ መድረሳም አልገባች፣ ሌላ ጓደኛም አልያዘች። ሚጢጢ ግን የረጠቡትን ገጾች አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ ስታሰጣ ዋለች፤ ኡስታዙም «አንቺ ልጅ፣ አላህ ይባርክሽ» ብለው መረቋት። ያ ምርቃት አራት ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋት ኖሯል።

«ሚጢጢ! ጋዜጣው አለቀብሽ እንዴ?»

ቀና አለች። ኡስታዙ አንድ የታሸገ ካርቶን ላይ ተቀምጠዋል። ትንንሾቹ ከበዋቸዋል። የዛሬው ትምህርት በዚያው ዕቃ መካከል ነበር፣ ስለ ተውባ፣ ከጥፋት ተጸጽቶ ወደ አላህ ስለ መመለስ።

«አንድ፣ ጥፋቱን ማቆም» ይላሉ ጣታቸውን እያጠፉ። «ሁለት፣ ከልብ መጸጸት። ሦስት፣ ላይመለሱበት መቁረጥ። አላህ መሓሪ ነው፤ ወደ እሱ የተመለሰን አይገፋም።»

ከፊት የተቀመጠው፣ ጥያቄው ስለማያልቅ ልጆቹ «ለምን» ብለው የሚጠሩት ብላቴና እጁን አወጣ። «ኡስታዝ፣ የእህቴን ብስክሌት ሰብሬ ለአላህ ብቻ ብነግረው በቃ?»

ልጆቹ ሳቁ። ኡስታዙም ፈገግ አሉ። «ብልጥ ነህ! የሰው ሐቅ ሲኖርበትማ አራተኛ ይጨመራል። ወደ ባለሐቁ ሄደህ አፉ በሉኝ ትላለህ።»

«ቢቆጡኝስ?»

«ቢቆጡህም ትሄዳለህ።»

«ለምን?»

«ሐቁ የእነሱ ነዋ። አፉ ማለቱም መቆጣቱም የእነሱ ፈንታ ነው። ያንተ ፈንታ መሄድ ነው።»

ሚጢጢ ይህን ትምህርት ስንቴ ሰምታዋለች፤ ፈተና ላይ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አግኝታበታለች። ዛሬ ግን የተጠቀለለው መጽሐፍ ጭኗ ላይ ነበር።

ልጆቹ ተበትነው ሲወጡ ኡስታዙ ጋ ቀረበች። ነገሩን በምን እንደምትጀምረው ለረጅም ጊዜ ስታስብበት ኖራለች፤ አሁን ግን የወጣላት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። «ኡስታዝ፣ ያን ቧንቧ የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

የትኛውን ቧንቧ ብለው አልጠየቋትም። መነጽራቸውን አውልቀው በልብሳቸው ጫፍ ወለወሉት።

«ያቺ ልጅ ዘግቻለሁ ስትለኝ» አሉ፣ «ሰማኋት፣ ግን አላመንኳትም። ሳልጠይቅ፣ ሳላጣራ። የአባቴ መጽሐፍ ልቤን ጋርዶት ነበር።»

«አፉ በሉኝ ኡስታዝ።»

«እኔ ለራሴ አፉ ብዬሻለሁ። ወረቀት ነው፤ አባቴም ቢኖሩ ይሉሽ ነበር። አሁን የቀረው የእሷ ነው። እኔም የራሴ አለብኝ።»

«እንግዲያው አብረን እንሂድ?» አለች ቶሎ ብላ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከእኔ ጋር ከሄድሽ ለሽበቴ ብላ አፉ ትልሻለች። ተይ፣ አታስገድጃት። አንቺ ዛሬ ብቻሽን ሂጂ፤ እኔ ነገ እሄዳለሁ።»

የልብስ ሰፊዋ ቤት ሩቅ አልነበረም። ሚጢጢ ግን አራት ዓመት ሙሉ በዚያ መንገድ ላለማለፍ ስትዞር ስለኖረች የረዘመ መሰላት። ጥግ ላይ የነበረው ዳቦ ቤት መድኃኒት ቤት ሆኗል። ጭምትና እሷ እየተንጠለጠሉ የሚያልፉት የብረት አጥር ተነቅሎ በግንብ ተተክቷል። ሁለት ጊዜ ቆመች፤ አንዴ ጫማዋን ለማሰር፣ አንዴ ደግሞ ያለ ምክንያት።

መስኮቱ ክፍት ነው። ውስጥ ጭምት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ትተክላለች። ፊቷ ረዝሟል፤ ክሩን በጥርሷ ስትቆርጥ ግን ያችው ናት።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለች ሚጢጢ።

ጭምት መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ወዐለይኩሙ ሰላም። ግቢ፣ በሩ ክፍት ነው።»

ሚጢጢ ገባች፤ አልተቀመጠችም። «ቧንቧውን...»

«አውቃለሁ» አለች ጭምት።

«እንደምታውቂ አውቃለሁ። ግን ነግሬሽ አላውቅም። እኔ ነኝ የከፈትኩት። ስታዪኝ ገብቶኛል፣ ፈርቼ ዝም አልኩ። ከዚያ ደግሞ ዝም ማለቴን ፈራሁት። ዛሬ ለኡስታዝ ነግሬያቸዋለሁ። አፉ በይኝ።»

ጭምት ጭኗ ላይ ያለውን ዩኒፎርም አጠፈችው፤ መልሳ ዘረጋችው። «መጀመሪያ አንድ ሳምንት ጠበቅኩሽ። ትመጣለች፣ ለእማዬ ትነግርልኛለች እል ነበር። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር በዚህ መስኮት አይ ነበር። ከዚያ ወር ጠበቅኩ። ከዚያ ተውኩት።»

ሚጢጢ መስኮቱን አየችው።

«አሁን አፉ ብዬሻለሁ ብልሽ አፌ ብቻ ነው የሚለው» አለች ጭምት። «ልቤ እስኪደርስበት ጊዜ ስጪው። ስለመጣሽ ግን... አልከፋኝም።»

«እሺ። እጠብቃለሁ።»

«አንድ ነገር አለ ግን።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እማዬ እስከ ዛሬ አላመነችኝም። ቁልፍ ጠፋ ስትለኝ፣ ድስቱን ማን ነካ ስትለኝ፣ እኔ አይደለሁም ካልኩ ዓይኔን ነው የምታየው። ስድብ የለ፣ ቁጣ የለ። ታየኛለች። ለእኔ የነገርሽኝን እኔ አውቀው ነበር። የማታውቀው እሷ ናት።»

«የት ናቸው?»

«ክር ልትገዛ ወጥታለች። ትመጣለች አሁን።» ጭምት መርፌዋን አነሳች። «መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ። እሷ ፊት መቆም ከባድ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ። አልቀየምሽም።»

ሚጢጢ ወደ በሩ አየች። በሩ ላይ የራሷ ጫማና የጭምት ጫማ ብቻ አሉ። የእናትየዋን ቁጣ አሰበች፤ ነገሩ የራሷ እናት ጆሮ ሲደርስ የሚሆነውን፤ በነገው ጁምዓ ሴቶቹ የሚንሾካሾኩትን።

መንገዱ ላይ ኮቴ ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ዘንቢሏን አንጠልጥላ፣ እያለከለከች ገባች። እንግዳዋን ስታይ ዘንቢሉን ጣል አድርጋ ሁለት እጇን ዘረጋች።

«አንቺ! ሚጢጢዬ አይደለሽም እንዴ? ምነው እንዲህ ጠፋሽ የኔ ልጅ? አቤት ቁመት!» ጉንጮቿን አገላብጣ ሳመቻት። ከዚያ ወደ ልጇ ዞር ብላ ተነፈሰች። «ይቺም ያኔ ካንቺ ቁምነገር ብትማር ኖሮ...»

ጭምት አንገቷን ደፍታ መስፋቷን ቀጠለች። መርፌዋ ብቻ ፈጠነ።

ሚጢጢ አጠገቧ ያለውን በርጩማ ስባ ለእናትየዋ አቀረበችላት። «እትዬ» አለች፣ «እባክዎ ይቀመጡ። የምነግርዎት ነገር አለኝ።»